የደምሴ ሰንጢና የዘይነባ በግ

ደምሴ ሞተ ብለው ሲነግሩኝ መጀመሪያ የጠየቅኩት «ሰንጢውስ?» ብዬ ነው። መርዶውን ያመጣችው የሚስቱ የበላይነሽ እህት ናት፤ ደነገጠችብኝ። «እማማ ሙሉ፣ ሰውዬው ነው እኮ የሞተው» አለችኝ። እሱማ ገብቶኛል። ሰው ይሞታል። ደምሴ ግን ያለ ሰንጢው ሽንት ቤት እንኳ ሄዶ አያውቅም። ባዶ ኪሱን ያን ሁሉ መንገድ መሄዱ ነው የገረመኝ።

ሰው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል። እኔን ያድርገኝ ግዴለም። በቁሙም ስወቅሰው ነው የኖርኩት፤ ዛሬ ብተወው ምን ነካት ይለኛል። ለቅሶ ቤት «ጋሽ ደምሴ እንዲህ ነበሩ፣ ጋሽ ደምሴ እንዲያ ነበሩ» ሲሉ ሰማሁ። አንቱ ያሉት እነሱ ናቸው። እኔ ከበጉ ወዲህ አንቱ ልለው ብሞክር እንኳ ምላሴ አይታጠፍልኝም።

ጎፋ ስንኖር ግቢያችን ተያይዞ ነበር። ወዲያ ማዶ ደምሴና በላይነሽ፣ መሃል ዘይነባና ባሏ ሲራጅ፣ ወዲህ ደግሞ እኔ ከልጆቼ ጋር። መሃላችን የቆርቆሮ አጥር ነው፤ ያውም ወንፊት የሆነ። ማን ምን እንደበላ፣ ማን ከማን እንደተጣላ በቀዳዳው ይታያል። ሲራጅና ዘይነባ የስልጤ ሰዎች ናቸው፤ መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ነበረቻቸው። ደምሴ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ግምጃ ቤት ይሠራል። ሥራው ቁልፍ ይዞ በር ላይ መቀመጥ ነው፤ ሲያወራው ግን ፋብሪካው ያለ እሱ የሚሽከረከር አይመስልም።

ሰንጢውን ልንገራችሁ። ቀይ እጀታ ያለው፣ ታጣፊ ነው፤ ሆዱ ውስጥ የማይገኝ ጉድ የለም። ቢላ አለ፣ ጣሳ መክፈቻ አለ፣ መቀስ አለ፣ ብሎን መፍቻ አለ፣ ደግሞ ምን እንደሚሠራ ራሱም የማያውቀው አንድ ጠማማ ነገር አለ። «ጣልያን አለቃዬ ነው የሰጠኝ» ይላል። ጠጅ ቤት ካመሸ ጣልያኑ ጀርመን ይሆናል። በጫማ ክር ከቀበቶው ጋር አስሮ ኪሱ ይከተዋል፤ የክሩ ጫፍ ሁልጊዜ ሱሪው ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ሰው መሃል «ደምሴ፣ ጭራህ ወጥቷል» ስለው ዘወር ብሎ ያስገባል። መልሶ ይወጣል።

ሲያወጣው ማየት ነበረባችሁ። መጀመሪያ አካባቢውን ይቃኛል፣ የሚያየው ሰው መኖሩን ሊያረጋግጥ። ከዚያ ክሩን ቀስ አድርጎ ይጎትታል። እፍ ይልበታል። ጭኑ ላይ ሁለቴ ያሽዋል። በጥፍሩ ይከፍተውና «አደጋ ቀጠሮ የለውም» ይላል። ይሄን ሁሉ የሚሆነው ብርቱካን ሊልጥ ነው። ብርቱካን ምን አደጋ አለው?

አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ወንዶቹን ሰብስቦ «ሰንጢ የማይዝ ወንድ ግማሽ ወንድ ነው» ሲላቸው ሰማሁት። ሌላኛው ግማሽ የቱ እንደሆነ በላይነሽን ጠይቄያት ነበር። ሳቀች እንጂ አልመለሰችልኝም።

አሁን «ሰውዬው ለችግር ደራሽ ነበር» ይላሉ። መድረሱን ይደርሳል። ችግሩ ከደረሰ በኋላ የሚቆርጠው ነው። ይኸውላችሁ፣ አንድ ቀን ከሳሪስ በታክሲ እየመጣን ነጠላዬ በር ላይ ተያዘ። ጥለቱ ነው የተያዘው። ታክሲው ቆሟል። ረዳቱ «ቆይ እናቴ፣ እከፍትልሻለሁ» ብሎ እጁን ወደ መክፈቻው ሰዷል። ደምሴ ከኋላ ወንበር «አደጋ ነው፣ ዘወር በሉ» እያለ በሰው ጉልበት ላይ ተረማምዶ መጣና ቀጭ አደረገው። በሩ ሲከፈት ጥለቴ እንደ እባብ ቆዳ መሬት ላይ ተጋደመ። «ይኸው ዳንሽ» አለኝ። ከምን እንደዳንኩ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ታክሲው ሙሉ ሰው ሲስቅ እሱ ያጨበጨቡለት መስሎት ጎንበስ አለ።

ያንን ነጠላ አልጣልኩትም። ቀብርም ሰርግም እሱን ለብሼ እሄዳለሁ። «ጥለቱስ?» ላለኝ ሁሉ «ደምሴ አድኖኝ ነው» እላለሁ።

የዕድራችን ድንኳንም ነገር አለ። ድንኳን ሲነቀል ገመዱ ይተበተባል። ሌሎቹ ወንዶች ጎንበስ ብለው በጥፍርም በጥርስም ይፈቱታል። ደምሴ ቋጠሮ ካየ አያስችለውም፤ ጭራውን ይጎትትና ይቆርጣል። ዛሬ ስንዝር፣ ነገ ክንድ። ገመዱ እያጠረ እያጠረ ሄዶ ድንኳናችን በአንድ ጎኑ እንደ ሰካራም አጋደለ። ዝናብ የጣለ ቀን ለቀስተኛው ሁሉ አንድ ጥግ ይታጨቃል፤ ካጠገቤ ያለችው ታልቅስ ትሳቅ አይለይም። የዕድሩ ዳኛ ጡረታ የወጡ ሻምበል ነበሩ፣ ቀልድ አያውቁም። በስብሰባ አስነሱትና «አቶ ደምሴ፣ ሁለተኛ ገመድ ብትቆርጥ ከዕድር ትሰረዛለህ» አሉት።

ከዕድር መሰረዝ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ስትሞት ድንኳን የለም፣ ቃሬዛ የለም፣ ጉድጓድ የሚምስልህ የለም፣ ሚስትህን የሚያስተዛዝን የለም። ዘመድ የሌለው ሰው ዘመዱ ዕድሩ ነው። ደምሴ ደግሞ ልጅ አልወለደም፣ አዲስ አበባ የሚያውቀው ዘመድም የለው። እባብ የነደፈው በልጥ በረየ እንደሚሉት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የልብስ ማስጫ ገመድ እንኳ ሲያይ መንገድ ይቀይር ጀመር። ይቺን ያዙልኝ፤ በጉ ጋ ስንደርስ ታስፈልጋችኋለች።

ያን ጊዜ፣ ሰማንያዎቹ ማለቂያ ላይ፣ አረፋ ከሁዳዴ ጋር የሚገጥምበት ዘመን ነበር። እነዘይነባ ሊያርዱ ሽር ጉድ ሲሉ እኛ ሽሮ ላይ ነን።

ያ አረፋ ለዘይነባ እንደሌላው አልነበረም። ሲራጅ ያገባት አባቱ ያጩለትን ልጅ ትቶ ነው። ሽማግሌው ተቀየሙ። ሰርጉ ላይ አልተገኙም፣ ከገቡ በኋላም ደጇን አልረገጡም፣ ከእጇ ውሃ አልጠጡም። «ልጄን ያስካደችኝ» ይሏታል አሉ። ስንት ሰው ሄዶ ለምኗቸው በመጨረሻ ለዚያ አረፋ ሊመጡ እሺ አሉ። ሲራጅ ሊያመጣቸው አገር ቤት ወረደ። ዘይነባ ግድግዳውን ኖራ ቀባች፣ አልጋቸውን ለቃ ለእሳቸው አነጠፈች፣ እሷ ቀን ከሌት እግሯ መሬት አልነካም። «እትዬ፣ በጉን በእጃቸው ከባረኩልኝ በቃ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ሽማግሌው እዚያ ደጃፍ ላይ ቢላዋ ካነሱ ቤቱን ቤቴ ብለውታል ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቂም የለም።

በጉን ሲራጅ ከለቡ ገበሬ ነው ያመጣው። ያኔ ለቡ ገብስና አተር ነው፣ ፎቅ የሚባል የለም። ጥቁር በግ ነው፣ ግንባሩ ላይ ጨረቃ ያለው፣ ካባ የደረበ የሚመስል ኩሩ በግ። በአዲስ የቃጫ ገመድ ግቢያቸው ያለው ባሕር ዛፍ ላይ ታስሯል።

የአረፋ ዋዜማ ከሰዓት ላይ ዘይነባ ቅመም ልትገዛ ወጣች፤ በሩን በሰንሰለት ቆልፋ። እኔ ልብስ አጥባለሁ። እነሱ ግቢ ከባሕር ዛፉ አጠገብ፣ አጥሩ ስር፣ ለቤት መሥሪያ የተከመረ ድንጋይ ነበር። በጉ ኩራቱ አላስቀምጠው ብሎ ክምሩ ላይ ወጣ፤ ገመዱ ግንዱ ላይ ሲጠመጠምበት አጥሮበታል። አንዱ ድንጋይ ከዳውና በወዲያ በኩል ወደቀ። ወደቀ እላለሁ፣ መሬት አልነካም። አንገቱን ገመዱ ይዞት ተንጠለጠለ፤ የኋላ እግሩ አየር ይራገጣል።

የኔ አጥር ረጅም ነው፣ እኔ ደግሞ ያኔም እንዳሁኑ ድንች ነኝ። በሩ ተቆልፏል። ማን ይጠራል? በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «ደምሴ፣ ሰንጢህን ይዘህ ና» ብዬ ጮህኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

ዕድሜውን ሙሉ ያቺን ጥሪ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው የመጣው። ከወዲያኛው አጥር ዘሎ ወረደ። አካባቢውን ቃኘ። ክሩን ጎተተ። እፍ አለበት። ጭኑ ላይ አሸው። መጀመሪያ የወጣው ጣሳ መክፈቻው ነው። አጠፈው። ቀጥሎ መቀሱ። እኔ በቆርቆሮው ቀዳዳ «ገመዱን፣ ደምሴ፣ ገመዱን» እላለሁ። የበጉ ዓይን ፈጧል። በመጨረሻ ቢላው ተገኘ። ደምሴ ገመዱን በግራ እጁ ያዘ። ዳሰሰው። ቀና ብሎ አየው፣ ዝቅ ብሎ አየው። ከዚያ ለቀቀውና በስመ አብ ብሎ በጉን አረደው።

በግ ተንጠልጥሎ ሲታረድ ያየሁት ያን ቀን ነው። ያቺ ጥፍር የምታክል ቢላ ስትመላለስ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ደምሴ ላቡን እየጠረገ ወደ ቀዳዳዬ ዞሯል። «ደረስኩለት» አለኝ፣ «ጥንብ ሳይሆን ደረስኩለት።»

ነገሩስ ወግ አለው። ከብት ገደል ቢገባ፣ መኪና ቢገጨው፣ ነፍሱ ሳትወጣ ቢላ የያዘ ሰው ይደርስለታል፤ በራሱ ከሞተ ማንም አይበላውም። ይሄ በግ ግን ገደል አልገባም። ገመድ ላይ ነው ያለው። ሰንጢ ያልያዘ ሰው ቢሆን በሁለት እጁ ከሥር ደገፍ ያደርገውና አለቀ። ሰንጢ የያዘ ሰው ለካ እጅ የለውም።

ደግሞ ለማን ነው የደረሰለት? ክርስቲያን ያረደውን እነዘይነባ አይበሉም። እኛ ክርስቲያኖቹ በሁዳዴ እንኳን በግ እንቁላልም አናይም። አዳም ከተፈጠረ እንዲህ ማንም የማይበላው በግ የታረደው ጎፋ ውስጥ፣ በደምሴ እጅ ነው።

ዘይነባ መጣች። ዘንቢሏን አስቀምጣ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ገበያው ተበትኗል፣ ሲራጅም ያለችውን ገንዘብ ጨርሶ ነው የሄደው። ደምሴ ባልደርስ ኖሮ ምናምን እያለ ሊያስረዳት ይሞክራል። እሷ የምታየው እሱን አይደለም፣ የተቀባውን ግድግዳ ነው። ቆይታ «ነገ ጠዋት አባባ እዚህ በር ላይ ይቆማሉ» አለች። የሰው ልጅ እንዲህ ቀስ ብሎ ሲናገር አልወድም።

ሥጋውን ግቢዬ ለተከራየ አንድ ጴንጤ ልብስ ሰፊ ሰጠነው። እሱ ሁዳዴ የለበት፣ ያረደው ማን ነው የለበት። «ጌታ ያዘጋጃል» ብሎ ተቀበለን። ያዘጋጀው ጌታ ሳይሆን ደምሴ ነው ብዬ ነበር፣ አልሰማኝም። ጥብሱ ሲንጨረጨር የሰፈሩ ጿሚ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ጸሎት አበዛ። እኔም አብዝቻለሁ።

ሳይመሽ ደምሴ ቤት ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ለፋሲካ የሚያደልበው ነጭ በግ ፉርሽካ ይግጣል። ሰውዬው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሰንጢውን በላምባ ይወለውላል። በላይነሽ አጠገቡ ምስር ትለቅማለች።

«ደምሴ፣ ይሄ በግ የማነው?» አልኩት።

«የፋሲካዬ ነዋ።»

«አይ፣ የዘይነባ ነው።»

የዚያን ጊዜ ያመጣው ክርክር! እሱ ባይደርስ ኖሮ ጥንብ እንደነበር፣ ምስጋና እንጂ ወቀሳ እንደማይገባው፣ በደግነቱ ሁልጊዜ እንደሚጎዳ። አሁንስ ምንድነው ብዬ ብጠይቀው፣ አሁን በሥርዓት የታረደ በግ ነው አለኝ። አስጨረስኩትና አንድ ነገር ጠየቅኩት።

«ገመዱን ይዘኸው ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ። ለምን አልቆረጥከውም?»

መወልወሉን አቆመ። በላይነሽን አየ፣ መሬቱን አየ።

«ገመድ ብቆርጥ» አለ፣ ድምፁ ቅጥን ብሎ፣ «ማን ይቀብረኛል?»

ሳቅ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። በላይነሽ ግን አልሳቀችም፤ ምስር መልቀሙን አቁማ ጭንቅላቱን ታያለች። ለአፍታ አሳዘነኝ። ወዲያው በጉን ዞሬ አየሁት፣ ወፍራም ነው፣ ማዘኔን ተውኩት።

«እንግዲያው ለሻምበል ልመስክርልህ» አልኩት። «ገመድ ከሚቆርጥ ብሎ የሰው በግ አርዷል፣ ሕግ አክባሪ ነው ብዬ ልናገርልህ።»

አመድ መሰለ። ሰፈር ሙሉ እስኪሞት እንደሚስቅበት ያውቃል። ነገሩን የጨረሰችው በላይነሽ ናት። ተነሳች፣ ምስሩን አስቀመጠች፣ «ጠዋት ራስህ ትወስደዋለህ» አለችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ሙሉ፣ አንቺ ደግሞ ዝም ትያለሽ። ዕድሜ ልክ።» እሺ አልኩ። ግን አንድ ነገር ጨመርኩ፦ በጉ የሚመጣው በዚያው በዘይነባ ገመድ ነው። «ያተረፍከው ገመድ ነው፣ ሥራ ይሥራ» አልኩት።

በማግስቱ የሲራጅ አባት መጡ። ቀጭን ናቸው፣ ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ፣ በትራቸው ከእሳቸው ይረዝማል። በር ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም። ግቢውን ተመለከቱ። ግንዱ አለ፣ በግ የለም። ሲራጅ «በጉስ?» ሲል ዘይነባ «ታንቆ ሞተብኝ» አለችው። ግማሹ እውነት ነው። የሽማግሌው ፊት እንደ መስኮት ዝግት አለ። በትራቸውን አነሱና ወደ መንገዱ አዞሯት። ዘይነባ በሩን ተደግፋ ቀረች። እኔ ከኔ በር ሆኜ ያንን ጭራ ያለውን ፍጡር በልቤ እየረገምኩት ነው። ጠዋት ማለት ለሱ መቼ ነው?

ለካ ከራባት ሲያስር ነው የቆየው። መጣ። ካፖርት ለብሷል፣ ከራባቱ ቀይ ነው፣ በጉን ይጎትታል። ልኩን ለመናገር በጉ ነው የሚጎትተው። ሽማግሌው ፊት ሲደርስ ቆመና ኮፍያውን አነሳ። የሆነውን ይናገር ይሆን ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ።

«ጎረቤት ነኝ፣ አባቴ» አለ። «በጓ ታንቆባት እንግዳዋ ባዶ ቤት አይመጣባትም ብዬ ነው። ለፋሲካ ያስቀመጥኩት ነበር፣ ግን በዓል በዓል ነው።»

ምራቄ ትን አለኝ። ሽማግሌው በጉን አዩ፣ ከራባቱን አዩ፣ ዘይነባን አዩ። ዘይነባን የምር ያዩት ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት በላይዋ ነበር የሚያዩት። ከዚያ ለሲራጅ እንዲህ አሉት፦

«በጾሙ ወር ክርስቲያን ጎረቤት የበዓሉን በግ ጎትቶ የሚያመጣላት ሴት ከሆነች፣ እኔ ስለሷ የሰማሁት ውሸት ነው።»

በትራቸውን መለሷት። ገቡ። ዘይነባ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል በክንዷ ያዟትና ውሃ አምጪልኝ አሏት። ከእጇ ጠጡ። እኔ የዚያን ነጠላ ቁራጭ ጫፍ ነክሼ ቆሜአለሁ፤ ልሳቅ ላልቅስ አላውቅም። ሽማግሌው እጅጌያቸውን ሰብስበው ቢላዋ ሲጠይቁ የደምሴ እጅ ወደ ኪሱ ሄደ። ክሩን ያዘ።

«ደምሴ» አልኩት፣ «ጭራህን አስገባ።»

አስገባ። ያን ቀን ብቻ ነው አንድ ቃል ሳይመልስልኝ የታዘዘኝ።

ከዚያ የሆነውን ስሙ። ሽማግሌው አገር ቤት ሲመለሱ ማር ላኩ። ለማን? «ለዚያ ደግ ሰው።» በሚቀጥለው ዓመትም ላኩ። እስኪሞቱ አላቋረጡም፤ ሲሞቱ ልጆቻቸው ቀጠሉ። የሰው በግ አንጠልጥሎ ያረደ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ማር በላበት። አረፋ በመጣ ቁጥር ያንን ቀይ ከራባት አስሮ እነዘይነባ ቤት ይቀመጣል፤ ታሪኩን ያወራል። ዓመት ዓመትን ሲወልድ በጉ ወፈረ፣ ሽማግሌውን ከበር ሳይሆን ከአውቶቡስ ጣቢያ የመለሳቸው ሆነ። የሚብሰው ደግሞ ራሱ ማመኑ ነው። አንድ ቀን ለኔ፣ ለኔ ለሙሉ፣ «ታስታውሻለሽ፣ እኔ ባልደርስ እኮ ያ ቤት ፈርሶ ነበር» አለኝ። አስታውሳለሁ አልኩት። ምን ልበል? ለበላይነሽ ቃል ሰጥቻለሁ። ማሩንም ቀምሻለሁ።

ለቅሶው ላይ ያንን ጥለት የለሽ ነጠላ ለበስኩለት። ከሱ ሌላ ማን ይገባዋል? ዘይነባ መጥታ ጎኔ ተቀመጠች፤ አሁን እሷም አያት ሆናለች። ሲራጅ ተነሳ። ስለ በጉ ጀመረ። አባቱን ከቂም ያወጣ፣ የፋሲካ በጉን ያለ አንድ ቃል የሰጠ ደግ ሰው እያለ፣ እንባውን እየጠረገ። ሲራጅ ምስኪኑ እስከ ዛሬ አያውቅም። ዘይነባ በክርኗ ጎኔን ወጋ አደረገችኝ። ዞሬ አላየኋትም፤ ካየኋት አበቃልኝ። ሁለታችንም ነጠላ ተከናነብን። ትከሻችን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከኋላችን የተቀመጠች ሴት «ምን ያህል ቢወዱት ነው» ስትል ሰማሁ። እሱ ይባስ አደረገን።

በሠልስቱ ድንኳን ሲነቀል አንዱ ጥግ እምቢ አለ። ያው ያጋደለው ጥግ ነው። ሸራው አዲስ ሆኗል፣ ገመዱ ግን ያ የጥንቱ ነው፤ ደምሴ ቆርጦ ቆርጦ ሌላ ገመድ የተቀጠለበት፣ ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ። ወንዶቹ በጥፍር ሞከሩ፣ በጥርስ ሞከሩ። አንዱ ቀና ብሎ «ሰንጢ የያዘ አለ?» አለ።

ሁሉም ኪሱን ደባበሰ። ከየኪሱ የወጣው ስልክ ብቻ ነው። ያን ያህል ሰው አንድ ሰውዬ እንደሞተ በአንዴ ሲገባው አይቼ አላውቅም። ሦስት ቀን ያለቀሱት ለካ በልማድ ነው።

በላይነሽ ከቤት ወጣች። ሰንጢው መዳፏ ላይ ነው፣ ክሩ ተጠምጥሞበት። ወንዶቹ እጃቸውን ዘረጉ። እሷ አልፋቸው መጥታ እኔ ጭን ላይ አስቀመጠችው። ዓይኗ ቀልቷል፣ ግን አንድ ነገር ብቻ አለችኝ።

«ዝም ላልሽበት ይሁንሽ፤ ያን ቀን ያልቆረጠውን ገመድ አንቺ ቁረጪለት።»

ተነሳሁ። ክሩን ፈታሁ። እፍ አልኩበት፤ ለምን እንዳልኩበት አላውቅም። መጀመሪያ ጣሳ መክፈቻው ወጣ። አጠፍኩት። መቀሱ ወጣ። ከዚያ ቢላው። ገመዱን በግራ እጄ ያዝኩ። የአሁኑ ዳኛ ወጣት ነው፣ ደንብ የሸመደደ፣ ሮጦ መጣ።

«እማማ፣ ተዉ፣ ገመድ አይቆረጥም። በደንባችን ያሰርዛል» አለኝ።

በኔ ዕድሜ ቀጣዩ ድንኳን የማን እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

«ሰርዙኝ» አልኩት።

ቀጭ አለ። አንተ ደምሴ፣ ለካ እንዲህ ደስ ይላል።